ገበያው ሲዘጋ የታየው 7 ሚሊዮን አክሲዮን፦ አንድ ክር ከነመልሶቹ

በውይይት መድረካችን የገንዘብና ኢንቨስትመንት ክፍል የተከፈተ አንድ ክር (የውይይት ርዕስ) 33 መልስ ላይ ደርሶ ተዘግቷል። እስካሁን ያንኑ ጥያቄ፣ ማለትም ገበያው ሲዘጋ የሚታየው ትልቅ ግብይት ምን ማለት እንደሆነ፣ በግል መልእክት የሚልኩልኝ አሉ። አብዛኞቹ ክሩን ከመሃል ጀምረው ያነበቡ ናቸው። ክፍሉን ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆንኩ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አሳጥሬ እዚህ አስቀምጫለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ ጨርሶ ላውጣው ብል ግን ውይይቱ ያልነበረውን ጨዋነት ስለሚላበስ ጥቂቱን ትቼዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖር፣ ከደመወዙ የተረፈውን በየወሩ አክሲዮን ከሚገዛበት ሰው ነው። የኩባንያውን ስም ሊነግረን አልፈለገም፤ በቀን 4 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮኑ እንደሚገበያይ ብቻ ገለጸ። ዓርብ ዕለት 10 ሰዓት ላይ ገበያው ሲዘጋ የግብይቱን ዝርዝር በስልኩ ሲመለከት ሦስት መስመሮች ዓይኑን ያዙት። የመጀመሪያው ገበያው በተዘጋ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የወጣ ሲሆን፣ 3.1 ሚሊዮን አክሲዮን በ41.35 ዶላር ይላል። ሁለተኛው ወዲያው ተከትሎ የመጣ፣ ዋጋውም መጠኑም ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሆነ ነው። ሦስተኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የታየ የ900 ሺህ አክሲዮን መስመር ነው፤ ዋጋው 40.7386 ዶላር፣ ማለትም ከመዝጊያው ዋጋ ከ60 ሳንቲም በላይ የረከሰ።

ሦስቱን ደምሮ 7.1 ሚሊዮን አገኘ። የደረሰበትም ድምዳሜ የሚከተለው ነው፦ አንድ ነገር ያወቀ ትልቅ ገዢ እኛ ትንንሾቹ ከወጣን በኋላ ገብቶ፣ የመጨረሻውንም በርካሽ ዋጋ አንስቶ ሄዷል። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ። ይህ ሕጋዊ ነው ወይ? ሰኞ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ተከትሎ መግዛት ያዋጣል ወይ?

1. የመጀመሪያው መላሽ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አላስቀመጠም። ትልልቆቹ ሁልጊዜ በር ከተዘጋ በኋላ እንደሚሠሩ፣ ይህን የማያውቅ እንደሌለ ገልጾ፣ ሰኞ በማለዳ እንዲገዛ መከረው። ሁለት መስመር ጽፎ ሄደ። ደህና ሄደ ያልነው ግን ኋላ ይመለሳል።

2. ቀጥለው የጻፉት በዕድሜ የገፉ፣ በዚህ ክፍል አንቱ የምንላቸው ሰው ናቸው። ጠያቂውን በትሕትና አመስግነው፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስብ ጠየቁት፦ የተገዛ አክሲዮን ሁሉ የተሸጠም ነው። መስመሩ ላይ 3.1 ሚሊዮን ገዢ ካየ 3.1 ሚሊዮን ሻጭም ማየት አለበት። ታዲያ ከሁለቱ አዋቂው የትኛው ነው? ለዚህ ጥያቄ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ በቀጥታ የመለሰላቸው የለም።

3 እና 4. ከዱባይ የገባ አንድ ወንድም፣ ገበያው ከምሽቱ 10 ሰዓት ድረስ ክፍት ነው የተባለው ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ግራ ገብቶት ነበር። እሱ ጋ ሲዘጋ እኩለ ሌሊት ነው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከቀትር በኋላ መሆን ነበረበት። ከአዲስ አበባ የመለሰለት ሰው ጠያቂው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር መጻፉን አስረዳ፦ የኒውዮርክ 16:00 በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው፤ በመጋቢት ወር አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ የአሜሪካ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስበት ክረምታቸው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። እኔም ጣልቃ ገብቼ ከዚህ በኋላ ሁላችንም በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንድንጽፍ አሳሰብኩ። ያከበረው ግማሹ ሰው ነው።

5. የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። የጻፈችው እህት ሜሪላንድ ውስጥ የፈንዶችን (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ተቋማትን) የዕለት ሒሳብ ከሚዘጉ ሠራተኞች አንዷ ናት። በማስረጃ እንጂ በስሜት አትጽፍም፤ ይህ ደግሞ አንዳንዱን ያናድዳል።

ጠያቂው ያየው የመጀመሪያው መስመር የአንድ ገዢ ሥራ እንዳልሆነ፣ የመዝጊያ ጨረታ ውጤት እንደሆነ አስረዳች። በኒውዮርክም ሆነ በናስዳክ (ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያዎች) የቀኑ የመጨረሻ ዋጋ የሚወጣው በጨረታ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ፣ በመዝጊያው ዋጋ ግዙልኝ ወይም ሽጡልኝ የሚሉ ትእዛዞች ይጠራቀማሉ። ኒውዮርክ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እስከ 15:50፣ ናስዳክ እስከ 15:55 ይቀበላል። የገዢና የሻጭ ልዩነት ወደየት እንዳጋደለም ከ15:50 ጀምሮ ገበያዎቹ ራሳቸው በየጥቂት ሰከንዱ ያወጣሉ። 16:00 ሲሆን ብዙ አክሲዮን ሊያገናኝ የሚችለው አንድ ዋጋ ይመረጥና ሁሉም በዚያ ይጠናቀቃል።

ለምሳሌ ያህል የፈጠረቻቸውን ቁጥሮች ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ብዙዎች የተረዱት እዚህ ላይ ነው። በ41.30 መግዛት የሚፈልገው 3.4 ሚሊዮን፣ መሸጥ የሚፈልገው 2.8 ሚሊዮን ነው እንበል፤ የሚገናኘው 2.8 ብቻ ነው። በ41.40 ገዢው ወደ 2.7 ይወርዳል፣ ሻጩ ወደ 3.3 ይወጣል፤ የሚገናኘው 2.7 ነው። በ41.35 ግን ሁለቱም 3.1 ላይ ይገጥማሉ። ስለዚህ ዋጋው 41.35 ይሆናል፣ በዝርዝሩ ላይም 3.1 ሚሊዮን የሚል አንድ መስመር ይወጣል። ከመስመሩ ጀርባ በሺዎች የሚቆጠሩ ትእዛዞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ የ50 ሺህ፣ ሌላው የ12 አክሲዮን።

ለምን ሁሉም መዝጊያውን ይመርጣል ለሚለው የሰጠችው ምክንያት ከራሷ ሥራ የመጣ ነው። የፈንድ ድርሻ በየቀኑ የሚተመነው በመዝጊያ ዋጋ ነው። ኢንዴክስ (የተመረጡ ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ በአንድነት የሚለካ ዝርዝር) የሚከተል ፈንድ በሌላ ዋጋ ከገዛ ከሚከተለው ኢንዴክስ ጋር ልዩነት ይፈጥራል፤ ለዚያ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ይጠየቅበታል። ከዚያም ጠያቂውን በቀጥታ ጠየቀችው፦ አሠሪው ከደመወዙ እየቆረጠ የሚያስቀምጥለት የ401 ኬ ጡረታ ቁጠባ አለው? ካለው ከዚያ 3.1 ሚሊዮን ውስጥ የእሱም ጥቂት አክሲዮኖች ሳይኖሩበት አይቀሩም።

6 እና 7. አንድ ሰው ጨረታው 16:00 ላይ ከሆነ መስመሩ ለምን ከ16:00 በኋላ እንደታየ ጠየቀ። እህታችን ስሌቱም ሆነ ማስታወቂያው ጊዜ እንደሚወስድ፣ ያም ቢሆን እጅግ አጭር እንደሆነ መለሰች። ሰኔ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ የራስል ኢንዴክሶች በተከለሱበት ዓርብ፣ የናስዳክ መዝጊያ ጨረታ 2.9 ቢሊዮን ገደማ አክሲዮኖችን፣ በዋጋ 95 ቢሊዮን ዶላር የሚሆኑትን፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አገናኝቷል።

8. ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ነጋሪ ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ መስመሮችን አይቶ በማግስቱ ጠዋት ደጋግሞ እንደገዛና ደጋግሞ እንዳተረፈ ጻፈ። አንደኛው ትርፍ የመኪናውን የመድን ክፍያ እንደሸፈነለት ሁሉ ነገረን። ስለ ጨረታው የተባለውን እንዳነበበ የሚያሳይ ምልክት ግን አልነበረም።

9. ከሲያትል የመለሰለት ሰው አንደበቱ ስለት ነው። የገበያ መረጃ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ያተረፈባቸውን ቀናት ብቻ ሳይሆን መስመሩን አይቶ የከሰረባቸውንና መስመሩ ሳይኖር ዋጋው የወጣባቸውን ቀናት ጭምር እንዲያቀርብ ጠየቀው። ያም ዘመን በአጠቃላይ ገበያው የወጣበት ከነበረ ዓይኑን ጨፍኖ ቢገዛም ያተርፍ እንደነበር አከለበት። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዟል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

10 እና 11. በመሃል አንዲት እናት ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ዕቁብ መግባት እንደሚሻል ጽፈው ነበር። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ አክሲዮን ትርፍ አለው የለውም የሚል ክርክር ሊነሳ ሲል ወደ ሌላ ክር አዛወርኩት። እዚያ ክር ላይ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።

12. ከለንደን የጻፈው ሰው ለጠያቂው ጥርጣሬ ሌላ ማብራሪያ አመጣ። በለንደን ተከታታይ ግብይቱ 16:30 ላይ ያበቃል፣ የመዝጊያ ጨረታው እስከ 16:35 ይሠራል፣ የሚያበቃበትም ቅጽበት በዕጣ እንዲሆን ይደረጋል፤ ማንም የመጨረሻዋን ሰከንድ ጠብቆ ዋጋ እንዳያዛባ ነው። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሰጠው ግን ለዘገየ ማስታወቂያ ነው። በአውሮፓና በእንግሊዝ ደንብ አንድ ባንክ ከደንበኛው ላይ እጅግ ትልቅ የአክሲዮን ብዛት በራሱ ገንዘብ ሲገዛ፣ ግብይቱ ለሕዝብ የሚገለጽበትን ጊዜ ማዘግየት ይፈቀድለታል። እንደ መጠኑ 60 ደቂቃ፣ 120 ደቂቃ ወይም እስከ ቀኑ መጨረሻ፤ ቀኑ ሊያልቅ ሲል የተደረገው ደግሞ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱም ባንኩ የገዛውን መልሶ ሳይሸጥ ሁሉም ካወቀበት ዋጋው ይወርድበታል። ስለዚህ ለንደን ላይ ምሽት የታየ ትልቅ መስመር የምሳ ሰዓት ንግድ ሊሆን ይችላል።

13. ሲያትል ተመልሶ የለንደኑን አረመ፣ በዚህኛው ግን ጨዋ ነበር። የተባለው ለአውሮፓ ትክክል ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ አይሠራም፤ ከገበያ ውጪ የተደረገ የአክሲዮን ግብይት በመደበኛው ሰዓት በ10 ሰከንድ ውስጥ ለፊንራ (የአሜሪካ ደላሎችን የሚቆጣጠር ድርጅት) ማሳወቂያ ሥርዓት መድረስ አለበት። የጠያቂው ሦስተኛ መስመር ግማሽ ሰዓት የቆየው በሌላ ምክንያት መሆን አለበት። ጠያቂው በየመስመሩ ጎን የተጻፈውን የግብይት ኮድ እንዲነግረን ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ከሁላችን በፊት እሱ ማንሳቱን መካድ አይቻልም።

14. ኮዱ እስኪመጣ ከቶሮንቶ የገባ ሰው ቀኑን ጠየቀ። ዓርብ መሆኑን እናውቃለን፤ የትኛው ዓርብ? የመጋቢት ወር (በፈረንጆቹ ማርች) ሦስተኛው ዓርብ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነገሩ ፈካ። በፈረንጆቹ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር ሦስተኛው ዓርብ ላይ የአክሲዮን አማራጭ ውሎች (በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጡ) እና የኢንዴክስ ውሎች አብረው ጊዜያቸው ያበቃል፣ ኢንዴክስ አውጪው ኤስ ኤንድ ፒ ኢንዴክሶቹንም የሚያስተካክለው ለዚያ ዓርብ መዝጊያ ነው። በሌላ ቀን ከዕለቱ ግብይት አንድ አሥረኛ ገደማ የሚይዘው የመዝጊያ ጨረታ በነዚህ ቀናት ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ቶሮንቶ ያነሳው ማስረጃ የቴስላ ነው። ቴስላ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ እንደሚገባ የተነገረው ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ነበር። ከማስታወቂያው በፊት 408 ዶላር ላይ የዘጋው አክሲዮን (አክሲዮኑ በኋላ ወደ ትንንሽ ድርሻ ከመከፋፈሉ በፊት በነበረው ዋጋ) ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ወደ ኢንዴክሱ ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዓርብ፣ 695 ላይ ዘጋ። ያን ቀን ከ200 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተገበያየ፣ መዝጊያው ላይ የወጣው መስመርም ግዙፍ ነበር። ያንን አይቶ ሰኞ ጠዋት የተከተለ ሰው ቀኑን የጨረሰው በ650 ዶላር ገደማ ነው፤ ከዓርቡ መዝጊያ 6.5 በመቶ ወርዶ። ገዢዎቹ ግዴታ ያለባቸው ፈንዶች ነበሩ። ማን እንደሚገዛ፣ ለምን እንደሚገዛ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገዛ ዓለም ሁሉ ከአንድ ወር በፊት ያውቅ ነበር።

15. ታሪክ ነጋሪው (ቁጥር 8) ይህ አንድ ምሳሌ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። እውነቱን ነው። የእሱም የአንድ ሰው ታሪክ መሆኑን ያስታወሰው ግን አልጠፋም።

16. ጠያቂው ኮዶቹን ይዞ መጣ። አንደኛው መስመር 6፣ ሁለተኛው ኤም፣ ሦስተኛው ቲ እና ደብሊው። መተግበሪያው ውስጥ ምርጫዎቹን ከፍቶ እስኪያገኛቸው ድረስ ዓምዱ መኖሩንም አያውቅም ነበር፤ ከመጀመሪያው ተደብቆ ነው የሚመጣው።

17. እህታችን በየተራ ፈታቻቸው። 6 ማለት የመዝጊያ ጨረታው ግብይት ነው። ኤም ማለት ደግሞ የገበያው ይፋዊ የመዝጊያ ዋጋ ማስታወቂያ ነው፤ የጨረታውን ዋጋና መጠን ይደግማል እንጂ አዲስ ግብይት አይደለም፣ በቀኑ ድምር ውስጥም አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለተኛው 3.1 ሚሊዮን ተገዝቶም ተሽጦም አያውቅም። ጠያቂው ከደመረው 7.1 ሚሊዮን ውስጥ በአንድ ጊዜ 3.1ዱ ወደቀ።

ሦስተኛው የበለጠ ያስገርማል። ቲ ግብይቱ ከመደበኛው ሰዓት ውጪ የተመዘገበ መሆኑን ይናገራል። ደብሊው ደግሞ ዋጋው አማካይ መሆኑን ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ አንድ ፈንድ ጠዋት ከደላላው ጋር ይስማማል፦ 900 ሺህ አክሲዮን እፈልጋለሁ፣ የምከፍልህም የዛሬው ግብይት በመጠኑ ተመዝኖ የሚወጣውን አማካይ ዋጋ ነው። ስምምነቱ የተደረገው ጠዋት ነው፤ አማካዩ የሚታወቀው ግን ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚወጣው ማታ ይሆናል። የዚያ ዓርብ ዋጋ ከ40.10 ተነሥቶ 41.35 ላይ ስለዘጋ አማካዩ 40.74 ገደማ ላይ ማረፉ የሚጠበቅ ነው። ማንም በርካሽ አላነሳም።

18 እና 19. ሲያትል በዚህ ላይ አራቱን የነጥብ አሃዞች ጠቆመ፦ 40.7386። ከአንድ ዶላር በላይ ለሆነ አክሲዮን ገበያ ላይ ዋጋ የሚቀርበው በሙሉ ሳንቲም ስለሆነ እንዲህ ያለው ቁጥር በስሌት የመጣ ለመሆኑ ምልክት ነው። ወዲያው ሌላ ሰው አስተካከለው። ደላሎች የትንንሽ ደንበኞችን ትእዛዝ ከገበያ ውጪ ሲያስፈጽሙ ከሳንቲም በታች የሆነ ቅናሽ ስለሚጨምሩ አራት አሃዝ በ50 አክሲዮን ግብይት ላይም በየቀኑ ይታያል። መጠኑ 900 ሺህ ሲሆን፣ ደብሊውም ሲጨመርበት ነው ትርጉም የሚኖረው። ሲያትል እርማቱን በአንድ ቃል ተቀበለ። በዚህ ክፍል ብርቅ ነገር ነው።

20. ይህኛው የእኔ ነው። የጻፍኩት፣ ሰው ሁሉ የመጠኑን ዓምድ አይቶ እንደሚደነግጥ፣ የሰዓቱን ዓምድ አይቶ እንደሚጠራጠር፣ የኮዱን ዓምድ ግን ከነጭራሹ እንደማይከፍተው ነው። በሰዓቱ ዓምድ ላይ ያለው መስመሩ የወጣበት ጊዜ ነው። ውሳኔው ያን ቀን ጠዋት፣ ያለፈው ሳምንት ወይም እንደ ቴስላው ከአንድ ወር በፊት የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዋጋው የት እንደተቆረጠ ማወቅ ነው፦ በጨረታ፣ በአማካይ ወይስ በሁለት ሰዎች ድርድር? በድርድር የተቆረጠ፣ ከመዝጊያው ዋጋ የራቀ ትልቅ መስመር ካየሁ እኔም ቆም ብዬ አያለሁ። የጠያቂው ከዚያ ወገን አልነበረም።

21. ቁጥር 1 ተመለሰ። እኛ ሁላችን የዋሆች እንደሆንን፣ ዎል ስትሪት ሁሉን ነገር በኮድ እየሸፈነ እንደሚያጭበረብር፣ የሜሪላንዷ እህትም እዚያው ስለምትበላ እንደምትከላከልላቸው ጻፈ። የመጨረሻው ነገር ከመስመር ያለፈ ነበር፤ አስጠነቀቅኩት።

22. የመለሰችለት ራሷ ናት፤ ስድቡን እንዳላየች አልፋ የእሱን ወገን የሚያጠናክር ማስረጃ አቀረበች። የመዝጊያ ዋጋን ማዛባት በእውነት ይደረጋል። ጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና የገበያዎች ኮሚሽን አቴና ካፒታል ሪሰርች የተባለውን ድርጅት በዚህ ክስ 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል፤ ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም። በ2009 ለወራት፣ በናስዳክ አክሲዮኖች ላይ፣ ገበያው ሊዘጋ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀረው በኮምፒውተር እጅግ ብዙ ትእዛዝ እየለቀቀ የመዝጊያ ዋጋውን ወደሚፈልገው ይገፋ ነበር። ልብ እንዲባልላት የፈለገችው፣ ማጭበርበሩ የነበረው ከመዝጊያው በፊት በተለቀቁት ብዙ ትንንሽ ትእዛዞች ውስጥ መሆኑን ነው። በኋላ የሚወጣው ትልቅ መስመር ለሁሉም የሚታይ ነው።

23. ለንደን በዚያው ላይ ሌላ ጨመረ። ጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሞርጋን ስታንሊ ከ249 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የጨረሰው ጉዳይ የትልልቅ የአክሲዮን ሽያጮችን ምስጢር ይመለከታል። ደንበኛ ብዙ አክሲዮን ሊሸጥ መሆኑን የባንኩ ሰዎች ለተመረጡ ገዢዎች አስቀድመው ሹክ ይሉ ነበር፤ እነዚያም ዋጋው ይወርዳል ብለው ቀድመው ይሸጣሉ። ሌላው ሰው መስመሩን ስክሪን ላይ ሲያየው ጨዋታው አልቋል። ለንደን እዚህ ላይ ቁጥር 1ን ለማስደሰት የፈለገ ይመስላል፤ ያመጣው ማስረጃ ግን የእህታችንን ነጥብ የሚያጸና ነው።

24 እና 25. ቁጥር 1 ይኸው ብያችሁ ነበር በሚል መንፈስ ድሉን አወጀ። ሲያትል ስለ ማንበብ ችሎታው አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተለዋወጡት አራት መልስ በቁጥር አይገባም፤ አስወግጄዋለሁ። አዛውንታችን መጥተው ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ገሠጹ። አንዱ ገበያው ፍጹም ንጹሕ ነው እንዳላለ፣ ሌላው ደግሞ ያመጣው ማስረጃ እንደሌለ ነግረዋቸው፣ መጀመሪያ የጠየቁትን የሻጩን ጥያቄ ደገሙ። አሁንም ዝም ተባሉ።

26. ክሩ ወደ ሀገር ቤት የዞረው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚጽፈው ሰው ይህ ሁሉ የጨረታና የኮድ ነገር በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ላይም መምጣቱ እንደማይቀር ጻፈ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በቀን የሚገበያየው አክሲዮን ጥቂት በሆነበት ገበያ አንድ ትልቅ ግብይት ብቻውን ዋጋውን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ትልቁን መስመር ማየት ከአሜሪካ ይልቅ ትርጉም አለው ባይ ነው። በክሩ ውስጥ ካነበብኳቸው የራስ ሐሳቦች ይህ የተሻለው ነው፤ የሚያሳዝነው የተከተለው ሰው አልነበረም።

27 እስከ 29. የተከተለው የቆየ ቁስል ነው። የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2016 እ.ኤ.አ. በባንክና በኢንሹራንስ ያላቸውን አክሲዮን እንዲለቅቁ መታዘዛቸውን፣ በ2019 ደግሞ ሕጉ ተለውጦ እንደገና መግዛት እንደተፈቀደላቸው ሁለት ሰዎች በምሬት አነሱ። አንዷ የራሷን አክሲዮን እንዴት እንዳጣች በሰፊው ጻፈች። ሌላኛው መላሽ ደግሞ ከ1966ቱ አብዮት በፊትም አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ እንደነበር፣ ደርግም ሁሉንም እንደወረሰው ከአባቱ የሰማውን አስታወሰ። ከርዕሱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለመሰረዝ ግን እጄ አልሄደም።

30. ሰኞ ምሽት ጠያቂው ተመለሰ። ለሁሉም ምስጋና አቅርቦ፣ የሜሪላንዷን እህት ለይቶ አመስግኖ፣ ጠዋት ምንም ሳይገዛ መቅረቱን ነገረን። አክሲዮኑ ቀኑን 2 በመቶ ያህል ወጥቶ ዘግቷል።

31. ቁጥር 1 የጻፈውን መገመት አያስቸግርም። ታሪክ ነጋሪውም ደገፈው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ገዝቶ እንደነበረ አከለ።

32. እህታችን ሰኞ ዕለት ገበያው በሙሉ ምን እንደሆነ አይታችኋል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰፊው ገበያም ወጥቶ ነበር። ያም ሆነ ይህ የአንድ ቀን ዋጋ የአርቡን መስመር ትርጉም እንደማይለውጠው፣ አክሲዮኑ ወርዶ ቢሆንም እሷ የምትጽፈው ይህንኑ እንደነበር ገልጻ ወጣች።

33. ቁጥር 1 ለዚያ መልስ ሲጽፍ ያን ዓርብ የተገበያየውን 7.1 ሚሊዮን አክሲዮን ጠቀሰ። ሁለተኛውን 3.1 እንደገና ደምሮታል። ክሩን የዘጋሁት ያኔ ነው።